እንገሬን የት ደፉት?

ይድረስ ለምወድዎና ለማከብርዎ እናቴ ለወይዘሮ ውባንች፤ ወገራ።

እምዬ፣ ለጤናዎ እንዴት ሰንብተዋል? ጉልበትዎ እንዴት ነው? ክረምቱ ሊወጣ ሲል የሚብስብዎ የወገብ ሕመም ዘንድሮ ተሻለዎ ወይስ እንደ ልማድዎ ደህና ነኝ እያሉ ደብቀው ይዘውታል? አባቴ እንዴት ናቸው፣ ዓይናቸው አሁንም ጠዋት ጠዋት ያነባል? ወንድሜ ሸጋው ከብቶቹን ለግጦሽ ይዞ እንደራቀ ሰምቼ ነበር፤ በደህና ተመለሰ? እህቴ ፋናዬስ እንዴት ናት? ሆዷ ገፋ ወይ፣ እህል ይወርድላታል ወይ፣ እንቅልፍ አላት ወይ? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር አምላክ ይመስገን ደህና ነኝ።

እንኳን ማርያም ማረችሽ ይበሉኝ። ወንድ ልጅ በሰላም ተገላግያለሁ። ክርስትናም ተነሥቷል፤ የቤት ስሙን አዱኛ ብለነዋል። ይህን ስጽፍ የጠፍር አልጋው ላይ ተኝቶ እጁን ይበላል። ወሬው ከደብዳቤዬ ቀድሞ ደርሶ ከሆነ አይቀየሙኝ። የዘገየሁት ሰንፌ አይደለም፤ ልጁ ጠና እስኪል አፌን መክፈት ፈርቼ ነው። መቼም ያውቁኛል፤ ደስታ ደጄ ሲመጣ ገና ሳላስገባው ማን ላከህ ብዬ የምጠይቅ ሰው ነኝ።

የምጽፈው በራሴ እጅ ነው። መሠረተ ትምህርት ከጠቀመኝ አንዱ ይኸው ነው፤ ለሰው የማላስጽፈውን ነገር ራሴ እጽፋለሁ። ፊደሌ ቢጣመምም ለፋናዬ አይከብዳትም፤ እሷም የተማረችው እንደኔ ማታ ማታ በፋኖስ ነው። ደብዳቤውን የሚያደርስላችሁ የሰሊጥ ጫኝ መኪና ረዳት ነው። ልጁ ጨዋ ይመስላል፤ እኔ ግን ጨዋ የሚመስል ሰው ይበልጥ ያሠጋኛልና ፖስታውን ካሸግሁ በኋላ ዳር ዳሩን በጥቁር ክር ሰፍቼዋለሁ። ክሩ ተበጥሶ ካገኛችሁት ሰው አንብቦታል ማለት ነው። እዚህ ጠረፍ ላይ ሰው ደብዳቤ ከላከ ለማን ነው ይባላል፣ ከመጣለትም ከማን ነው ይባላል። የሚያነበው ሰው ካለ ግን በከንቱ ይደክማል፤ የጻፍሁት ስለ ጡትና ስለ ቅቤ ነው።

የመጀመሪያውን ልጄን እንደ ወጉ እርስዎ ዘንድ መጥቼ ወለድሁ። ያ ልጅ ስም ሳይወጣለት እንደቀረ ሁላችንም እናውቃለን፤ ወደሱ እመለሳለሁ። በዚህኛው ጊዜ ግን ባለቤቴ ጀምበሩ ከቤትሽ ውለጂ፣ እናቴ መጥታ ታርስሻለች አለኝ። እርስዎን እንደከፋዎ ፋናዬ ጽፋልኛለች። ቢከፋዎም አንጀትዎ አልችል ብሎ ለልጁ አፍ ማሟሻ ይሁን ብለው ቅል ሙሉ ለጋ ቅቤ ላኩልኝ። ቅቤው እኛ ያለንበትን የሽንፋን ሙቀት ሲያገኝ ቀልጦ እንደ ዘይት ሆኖ ደረሰ። ጠረኑ ግን የቤታችን ነበር፤ ወይራ የታጠነ ዕቃ ጠረን። ቅሉን አቅፌ ብዙ ቆየሁ።

አማቴ ወይዘሮ መነን ከአለፋ የመጡት መስከረም ሲጋመስ ነው። ቀጭን፣ ረጅም፣ ንግግራቸው የተቆጠበ ሴት ናቸው። እምዬ፣ የሚጮህ ሰው አያስፈራኝም፤ የሆዱን ተናግሮ ይጨርሳል። ዝም የሚል ሰው ግን ምን እንዳሰበ በምን ይታወቃል? እንደመጡ ቅቤው የታለ አሉ። ሳሳያቸው ቅሉን ከፍተው አሸተቱና ወስደው ማድ ቤቱ ውስጥ ሰቀሉት። ይህን ከኔ በቀር ማንም እንዳይነካው አሉ። እኔም በሆዴ ያዝሁባቸው። የእናቴን ቅቤ የማላዝበት በምን ሒሳብ ነው አልሁ።

ምጡ ሲይዘኝ ጀምበሩ አልነበረም። እሱ በመንግሥት እርሻው ትራክተር ነጂ ነው፤ ሰሊጡ ሳይረግፍ እንዲሰበሰብ ሁሉም ወደ ካምፕ ወጥቶ ነበር። ፀሐዩ አናት የሚበሳበት ሰዓት ነበር። ጎረቤታችን ዋሲላ፣ የባለ ሱቁ የጀይሉ ሚስት፣ ልጇን ለሰው ትታ እየሮጠች መጣች። የኛ ሴቶች ማርያም ማርያም ሲሉ እሷም በአምላኳ ስም ትማፀንልኛለች። ልጁ ወጣ፣ ጮኸ፣ እልል ተባለ። ወዲያው እማማ መነን ተነሡና ሴቶቹ ሁሉ እንዲሰሙ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ እንገሩ እስኪያልቅ ድረስ ጡት አይቀምስም፣ ቅቤ አለልን አሉ። ሴቶቹም ደግ፣ እንደሱ ነው አሉ። የመጀመሪያውን ወተት ደፍቶ ቅቤ ማላስ የኛም አገር ወግ ነውና ያን ጊዜ ልቤ ትንሽ አረፈ።

ያረፈው ግን ለአንድ አዳር ነው። በማግሥቱ ጡቴ ተወጠረ። እማማ መነን ከዋሲላ ሱቅ የተገዛች፣ አበባ የተሳለባት ኩባያ ይዘው መጡና እዚህ ውስጥ እለቢው አሉኝ። እርስዎ ዘንድ ስወልድ ያለብሁት አመድ ላይ ነበር፤ ከዚያም አመዱን ጠርገው ከአጥር ውጭ ይደፉት ነበር። የሚደፋ ነገር ኩባያ ምን ያደርግለታል ብዬ ጠየቅሁ። መሬት ላይ ፈስሶ ጉንዳን የቀመሰው እንደሆነ ጡትሽ ይነጥፋል አሉኝ። እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ አላውቅም። ቢሆንም አራስ ነኝና አለብሁ። እንገሩ እንደ እንቁላል አስኳል ቢጫ፣ ወፈር ያለ፣ ጣት ላይ የሚጣበቅ ነበር። እውነትም ቆሻሻ ነው ብዬ ፊቴን አዞርሁ።

እማማ መነን ኩባያዋን በነጠላቸው ጫፍ ሸፈኑ። በሌላ ክንዳቸው ልጁን አቀፉ። ቅቤውን ላስውጠው ብለው ወጡ። የቤታችን ግድግዳ የማሽላ አገዳ ነው፤ ጭቃው በረገፈበት በኩል ግቢው ይታየኛል። ዓይኔን ከቀዳዳው አልነቀልሁም። እንገር የሚደፋው ከጓሮ፣ ከአጥሩ ሥር ነው። እሳቸው ወደ ጓሮ አልሄዱም። ኩባያዋንም ልጁንም ይዘው ማድ ቤት ገቡ፤ መዝጊያውንም ገፋ አደረጉት። ሲመለሱ ኩባያዋ ታጥባ፣ ልጁም ተኝቶ ነበር።

ከንፈሩን አየሁት። ቅቤ የላሰ ሕፃን አገጩ ይወዛል፣ አንገቱ ሥር ያብረቀርቃል፣ ጠረኑም ራሱ ይናገራል። የኔ ልጅ አገጩ ደረቅ ነው። አሸተትሁት፤ ቅቤ ቅቤ አይልም። ደግሞም እንደ ራበው ልጅ አይነጫነጭም፣ ረክቶ ነው የተኛው። እኔ አላጠባሁት፣ ቅቤም አልነካው፤ ታዲያ በምን ጠገበ? በዚያው ቀን ገንፎ ቀረበልኝ። መሃሉ ላይ ቅቤው ተንጣልሏል። ገና ሳልጎርስ የእርስዎ መሆኑን በጠረኑ አወቅሁት። ለልጄ የተላከውን ቅቤ ለኔ ያበሉኛል፣ ልጄን ደግሞ የማላውቀውን ነገር ያበሉታል።

እምዬ፣ አራስ ተጋድሞ ከማሰብ በቀር ሥራ የለውም። እኔ ደግሞ ተጋድሜ ሳስብ ምን እንደምሆን ያውቃሉ። የሴት እንገር የወሰደ ሰው ማህፀኗን ይዘጋል ሲባል ልጅ ሆኜ ሰምቼ ነበር፤ እሱ ትዝ አለኝ። አማቴ ለልጃቸው ሌላ ሚስት አስበውለት ይሆን አልሁ። ለማን ነው የሚሰጡት፣ የት ነው የሚቀብሩት እያልሁ ኩባያዋ በወጣች ቁጥር ነፍሴ አብራት ትወጣ ጀመር። እሳቸውን ግን አልጠየቅሁም። ብጠይቅና ቢክዱኝ ከዚያ በኋላ ይጠነቀቁብኛል ብዬ ነው።

ከዚያ ደግሞ ዋሲላን ጠረጠርሁ። ዋሲላ ጡት የምትጠባ ሴት ልጅ አለቻት። በዚያ ሰሞን፣ ሱዳኖቹ ቶብ በሚሉት ረጅም ልብስ ተጠቅልላ፣ እማማ መነን ልጁን ይዘው ማድ ቤት በገቡ ቁጥር ከኋላቸው ትገባለች። ራሷ አንድ ጊዜ አጫውታኝ ነበር፤ በነሱ ዘንድ ካንድ ጡት የጠቡ ልጆች ወንድምና እህት ናቸው፣ አይጋቡም። እንግዲያው ልጄ ክርስትና ሳይነሣ የጡት ልጅ ልታደርግብኝ ነው አልሁ። ጨውና ክብሪት እየተበዳደርን የኖርን ጎረቤታሞች ነን፤ በምጤ ቀን ወገቤን ደግፋ የያዘችኝ እሷ ናት። ይህ ሁሉ እያለ ጠረጠርኋት። ሳስበው ዛሬ ያሳፍረኛል፣ ያን ጊዜ ግን ምንም አላፈርሁም።

ልትጠይቀኝ ስትመጣ ፊት ለፊት መናገር ስላልደፈርሁ ዞር አድርጌ፣ ያንቺ ጡት ለሁለት ይበቃል እያሉ ያወሩልሻል አልኋት። ሳቋ አመለጣት። ወላሂ ታንጉት፣ ለዚችም አልበቃ ብሎኝ ስትጮህብኝ ነው የምታድረው አለችኝ። ቀጥላም፣ እኛ ልጅ ሲወለድ ተምር አልመን ላንቃውን እንቀባዋለን፣ ከዚያ ጡት ነው፤ እናንተ ደግሞ ቅቤ ትላላችሁ፤ ሁሉም ያየውን ነው የሚያደርግ አለች። የኔ ልጅ ታዲያ ምን ቀመሰ አልኋት። ይኸን ጊዜ ሳቋን አቆመች፤ ወደ ማድ ቤቱ አየት አደረገችና፣ እሱን አማትሽን ጠይቂ ብላ ተነሥታ ሄደች። አዩ አይደል? የምታውቀው ነገር አለ ማለት ነው። እንዲያውም ባሰብኝ።

በመሃሉ የጀይሉ ላም ወለደች። እማማ መነን ከአጥራችን ላይ ሆነው አላቢውን ሲቆጡት ሰማሁ። ጥጃው መጀመሪያ ይጥገብ፣ እንገር ያልቀመሰ ጥጃ እግሩ አይጸናም፣ ለኛ የሚበቃን የተረፈው ነው ይሉታል። ዋሲላም ከተረፈው ላከችልን። እማማ መነን አፍልተው አረጉት፤ እንደ አይብ ቆመ። ጎረቤቱ ሁሉ ተጠራርቶ እየተሻማ በላ። እኔም በደንብ በላሁ፤ ከተወለድሁ ጀምሮ እወደዋለሁ። ስበላ እማማ መነን ዓይናቸውን ከኔ አልነቀሉም። ጣፈጠሽ አሉኝ። አዎ አልሁ። እግዜር ይስጥልኝ ብለው ሰሃኑን አነሡ። ለተመገበ ሰው እግዜር ይስጥልኝ የሚለው ጋባዡ ነው እንዴ? ያን ቀን የጥጃን እግር የሚያጸና ነገር ለሰው ልጅ እንዴት ቆሻሻ ሆነ የሚል ሐሳብ ብልጭ ብሎብኝ ነበር። አማትቤ አባረርሁት።

በማግሥቱ ኩባያዋ ስትወጣ መቻል አቃተኝ። አራስ ከቤት አይወጣም፤ አውቃለሁ። ግድ ከሆነም ብረት መያዝ አለባትና ከትራሴ ሥር ያስቀመጡልኝን ቢላዋ ይዤ ወጣሁ። ቢላዋውን የያዝሁት ለጋኔን እንጂ ለእሳቸው አልነበረም፤ ግን ፀጉሬ ተንጨባሮ፣ ወገቤ እንደታሰረ፣ ቢላዋ ጨብጬ የማድ ቤቱን መዝጊያ ስበረግደው ምን እንደምመስል ያስቡት። ከበሩ በስተውስጥ ዋሲላ ተቀምጣ ነበር፤ ሰው እንዳይገባ የምትጠብቀው እሷ ኖራለች። ስታየኝ ያ ረቢ ብላ ዘላ ተነሣች።

እማማ መነን በርጩማ ላይ ተቀምጠው ልጁን ጭናቸው ላይ አስተኝተውታል። ኩባያዋ ከጎናቸው ናት። ከዋሲላ ያገኙትን ንጹሕ ጥጥ እንገሩ ውስጥ እየነከሩ ወደ አፉ ጠብ ጠብ ያደርጉለታል። ልጁ ጥጡን በድዱ ይዞ ይመጠምጣል፤ ሊወስዱበት ሲሉ ያኮርፋል። የእናቴን ቅቤ ቅል ዓይኔ ፈለገው፤ ከፍ ብሎ እንደተሰቀለ ነው። እኔ ያን ሰዓት የጮህሁትን ሁሉ አሁን አላስታውሰውም። ልጄን ቆሻሻዬን ታበሉታላችሁ፣ ልትገድሉት ነው ማለቴን ግን አልረሳውም። ከወለድሁ ጀምሮ ያለብሁትን እንገሬን የት ደፉት አልኋቸው። አልተነሡም፣ አልደነገጡምም። መጀመሪያ ቢላዋውን አስቀምጪ አሉኝ። አስቀመጥሁ። አንድም ጠብታ አልደፋሁም፣ ሁሉንም ልጅሽ ጠጥቶታል አሉኝ።

ከዚያ ያ ዝምተኛ አንደበታቸው ተፈታ። የተናገሩትን እንደወረደ እጽፍልዎታለሁ። እኔኮ ልጀ፣ የወለድኋቸውን ሁሉ በዚች ጣቴ ቅቤ አልሸ ነው የቀበርኋቸው አሉ። ማን ክፉ አደረገኝ ብየ ያልጠመቅሁበት ጠበል፣ ያላሰርሁት ክታብ የለም። ጀምበሩን የወለድሁት ሰሊጥ አረም ላይ ሳለሁ፣ ከሰው ርቄ ነው። ቅቤም አልነበረ፣ ሰውም አልነበረ። ሲያለቅስብኝ ጊዜ ጡቴን ሰጠሁት። ሲመሽ ፈልገው እስኪያገኙኝ እንገሬን ሲጠባ ነበር የዋለው። ዛሬ ይሞታል፣ ነገ ይሞታል ብየ ስጠብቀው ሰነበትሁ። አልሞተም። ይኸው ባልሽ ነው አሉኝ።

ታዲያ ለምን ደበቁኝ፣ ለምን ለሴቶቹ ሁሉ ቅቤ አለልን አሉ አልኋቸው። ከጡትሽ ይጥባ ብልሽ እሽ ትይኝ ነበር አሉ። እሽ ብትይኝስ፣ ልጁን አንድ ነገር ቢያገኘው ጀምበሩ ልጀን እናቴ ገደለችብኝ ሊል ነው። አንቺም ከኔ ጋራ አንድ ጣራ ሥር አትቀመጭም። ሳታውቁ ከሆነ ግን ቢሞት ሾተላይ ነው ብላችሁ አልቅሳችሁ ትቀብራላችሁ፤ እኔ ብቻየን አውቀዋለሁ። ብቻየን ልሸከመው ብየ ነው እንጅ ላንቺ ክፉ አስቤ አይዶለም አሉኝ። ይህን ብለው ጥጡን መልሰው ኩባያዋ ውስጥ ነከሩት። ዋሲላ በሩ ላይ ቆማ ታለቅሳለች።

በዚህ ጊዜ እግራቸው ላይ ወደቅሁ ብልዎ ያምኑኛል፤ ግን አልወደቅሁም። ልጄን ነጥቄ ወደ ቤት ገባሁ። አልጋዬ ላይ ተቀምጬ ፊቱን ሳይ፣ ፊቱ የታመመ ልጅ ፊት አልነበረም። አንዴ ጠጥቶታል፣ ሊገድለው ከሆነ ገድሎታል አልሁ። ጡቴን ሰጠሁት። እንገሩ ገና ቢጫ ነበር። እምዬ፣ እንዴት አድርጎ እንደያዘኝ! የቀሙትን ነገር እንዳገኘ ሰው ጨብጦ አልለቅም አለ። አለቀስሁ። ከፍርሃት ይሁን ከደስታ እስከ ዛሬ አላውቀውም።

ከዚያም በኋላ ቢሆን ዝም ብዬ አላመንሁም። ትንፋሹን ስሰማ፣ ሆዱን ስዳብስ፣ ጨርቁን ስመረምር ሰነበትሁ። ጀምበሩ ከካምፕ ሲመለስ አንተ የት ነው የተወለድኸው ብዬ ሳይዘጋጅ ጠየቅሁት። ሰሊጥ ማሳ ውስጥ ነው፣ እናቴ ብቻዋን ሆና፣ ምነው አለኝ። ቃላቸው ገጠመ። የእርሻውን ክሊኒክ ድሬሰርም አስጠየቅሁት፤ ከተወለደበት ሰዓት ጀምሮ ይጥባ፣ ሌላ ምንም አትስጡት አለ። እሱን ደግሞ ከበላይ የታዘዘውን ነው የሚያወራ ብዬ ተውሁት። ያመንሁት በልጁ ነው። ሲከብድ፣ አንገቱን ሲያጸና፣ በክርስትናው ቀን ቄሱ ውሃ ሲያፈሱበት እንደ ጎረምሳ ሲጮህ ነው ያመንሁት።

አሁን እምዬ፣ ፋናዬ ከዚህ በታች ያለውን ቀስ ብላ ታንብብልዎ።

የመጀመሪያው ልጄ ሲወለድ ደህና ነበር። ጮኾ ነበር። እርስዎ ቅቤውን መዳፍዎ ላይ አሙቀው በጣትዎ አላሱት። ትን አለው፣ አሳለው። ደገሙለት። ሲመሽ ደረቱ ያንኮራፋ ጀመር። ጡቴን ልስጠው ስል እንገርሽ አልጸዳም ተባልሁ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ያውቁታል። ሾተላይ ነው ተባለ፤ ክታብ አሰርሁ፤ በሁለተኛው እርግዝናዬ ከሰው ዓይን ስሸሽ ከረምሁ። አሁን ግን ሾተላዩን መጠርጠር ትቻለሁ። የምጠረጥረው ቅቤውን ነው። ቅቤው ደግሞ በእርስዎ ጣት ላይ ነበርና፣ ጣትዎን ሳልጠረጥር ቅቤውን ብቻ መጠርጠር አቅቶኝ ሰነበትሁ። ተቆጥቼዎት ነበር። ብዙ ቀን ተቆጥቼዎት ነበር። ይህን ለእናት መጻፍ እንደሚከብድ አሁን ነው ያየሁት።

ኋላ ግን ሌላውንም አስታወስሁ። ቅቤው እንዳያቃጥለው እፍ እፍ ይሉበት ነበር። የጣትዎን ጥፍር በጥርስዎ አሳጥረው ነበር። ሲቀበር በልቅሶ ድምፅዎ ተዘግቶ ስንት ጊዜ ሲንሾካሾኩ ከረሙ። በቤታችን ክፉ ያሰበ ማንም አልነበረም። ልጁ ግን የለም።

እማማ መነን አንቺስ ስትወለጂ ምን ላስሽ ብለው ጠየቁኝ። ያን ጊዜ እርስዎ ደጋግመው የሚያወሩት ትዝ አለኝ። እኔ የተወለድሁት ከብቱ በበሽታ ባለቀበት ዓመት ነው። በመንደሩ የምትታለብ ላም አልተረፈችም። ልጄን ቅቤ እንኳ ሳላቀምሳት ቀረሁ፣ ባዶ አፏን ጡት ያዘች እያሉ እስከ ዛሬ ይቆጩበታል። እምዬ፣ የተቆጩልኝ እኔ አለሁ። ከኔ በፊት፣ ከብት ሞልቶ ቅቤ በተረፈበት ዘመን የወለዷቸው ግን የሉም። ፋናዬና ሸጋው ቅቤ ልሰውም አድገዋል ይሉኛል፤ እውነት ነው። ሁሉን ይገድላል አልልም፣ የማላውቀውን አልምልም። ግን አንድ ጊዜ ከጠረጠርሁት ነገር አፍ ላይ ሌላ ሕፃን ሲቀመጥ እያወቅሁ ዝም ማለት አልችልም።

ፋናዬ የምትወልደው ጥር ሳይጠባ ነው ብላችሁኛል። እባክዎ፣ ለፋናዬ ልጅ አፍ ቅቤ አያቅርቡ። እንገሩንም አያስደፏት፤ ልጁ እንደተወለደ ጡት ይያዝ። ቅቤውን ለገንፎዋ ያድርጉላት፣ ራሷን ይቀቧት፣ እሷ ትጠገን። ሰፈርተኛው ያማናል ብለው ከፈሩ እንደ እማማ መነን ያድርጉ፤ ለሴቶቹ ቅቤ አለልን ይበሉ፤ ልጁን ከመጋረጃ ውስጥ ታጥባው። ውሸቱን እኔ እናዘዝለታለሁ።

ፋናዬ፣ አንቺንም አውቅሻለሁ። እናታችን እንዳይከፋቸው ብለሽ ይህን ሁሉ ዘለሽ ወደ ሰላምታው ልትሄጂ ትችያለሽ። እንዳትዘይው። የምትዘይው የራስሽን ልጅ ነው። ሰምተው ዝም ካሉ ዝም በያቸው፤ ቢቆጡም ቁጣው ለኔ ነውና አትመልሺላቸው። ምጥሽ የመጣ ቀን ግን ልጅሽን ራስሽ ተቀበዪ፤ ለማንም አሳልፈሽ አትስጪ፣ ለምትወጃቸውም ቢሆን።

ለአባቴ ጉልበታቸውን ሳምሁ በሉልኝ፤ ይህ የሴት ጉዳይ ነው ብለው ሳይሰሙ ወደ ውጭ እንዳይወጡ። ለሸጋው እንዴት ነህ በሉልኝ፤ እህቱ በምትወልድበት ሰሞን ከብት ፍለጋ ብሎ እንዳይጠፋ። ለፋናዬ ባል ለአቶ ፈንቴም ሰላምታዬ ይድረሰው። ጀምበሩ ሁላችሁንም እንዴት ሰነበታችሁ ይላል። ዋሲላና ጀይሉ ሰላም ብለዋችኋል፤ ዋሲላ ስለ ቢላዋው ለሰው ሁሉ እያወራች ታስቅብኛለች። እማማ መነን ከመሬት ጎንበስ ብለው ሰላምታ ያቀርቡልዎታል፤ እናትሽን አትቆጪያቸው፣ እኔም እንደሳቸው ነበርሁ በያቸው ብለውኛል። አዱኛም እርስዎን አያቱን ገና አላየም፤ ጠና ሲል አምጥቼ ጉልበትዎ ላይ አስቀምጥልዎታለሁ።

እኔም ጉልበትዎን፣ እጅዎን፣ ያችንም ጣትዎን ስሜ እሰናበትዎታለሁ።

ልጅዎ ታንጉት እንግዳው
ሽንፋ፣ ኅዳር 18 ቀን 1974 ዓ.ም.